ከአንድ ወር የስፖርት ውጤቶች ጀርባ ያሉ ሕጎች

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሐምሌ መገባደጃ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ባሉት ሳምንታት፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ ተጧጡፎ ተጠናቀቀ፤ የሴቶች የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር ተካሄደ፤ የዳይመንድ ሊግ ሩጫዎች ቀጠሉ፤ የአውሮፓ እግር ኳስ ሊጎች አዲሱን የውድድር ዘመን ጀመሩ፤ በወሩ መጨረሻም ፓራሊምፒክ ተከፈተ። ለወትሮው በጎንደር ፒያሳ ባሉ የዲኤስቲቪ ቤቶች ደጃፍ የሚቆመው ጥቁር ሰሌዳ የሁለት ቡድኖችን ስምና ጨዋታው የሚጀመርበትን ሰዓት በጠመኔ ይዞ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን ግን ሩጫው፣ ዋናው፣ ቴኒሱና ጅምናስቲኩ ከእግር ኳሱ ጋር ተቀላቅሎ የየዕለቱ ወሬ ሆኖ ነበር። ወሬው ሲበዛ አንድ ችግር ጎልቶ ይታያል፤ እርሱም ሁሉንም ውጤት በእግር ኳስ ዓይን የማንበብ ልማድ ነው።

እግር ኳስ ሁለት ቡድኖችን ፊት ለፊት ያጋጥማል፤ አንዱ ካሸነፈ ሌላው ተሸንፏል፤ እኩል ከሆኑ ነጥብ ይጋራሉ። የፋሲል ከነማን ጨዋታ እየተከታተለ ላደገ የጎንደር ልጅ፣ ክለቡ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ነጥብና የግብ ክፍያ እንዴት እንደሚቆጠር የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። ይህንኑ ሚዛን ወደ አሥር ሺህ ሜትር ሩጫ ወይም ወደ ጅምናስቲክ ሲወስደው ግን ሚዛኑ ያሳስተዋል። በዓለም ሁሉ ፊት ሁለተኛ የወጣ ሯጭ «ተሸነፈ» ተብሎ የሚነገርለት፣ እኔ እንደማምነው፣ ከክፋት ሳይሆን ውጤቱ ምን እንደሚለካ ካለማስተዋል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዚያን ወር ውጤቶች ይዘን፣ በየስፖርቱ ምን እንደተለካ፣ ተወዳዳሪዎች እኩል ሲሆኑ በምን እንደሚለያዩ፣ ውጤቱም መቼ እንደሚጸና እናያለን። ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰዓት የሚለካባቸው ውድድሮች

ሐምሌ 26 ምሽት፣ በእኛ ሰዓት አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ የወንዶች የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተካሄደ። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ14 መቶኛ አንደኛ ሆነ፤ በሪሁ አረጋዊ በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ44 መቶኛ ሁለተኛ፤ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ከ46 መቶኛ ሦስተኛ ሆኑ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። ሃያ አምስት ዙር ከተሮጠ በኋላ ወርቁን ከብሩ የለየው የአንድ ሰከንድ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ብሩን ከነሐሱ የለየው ሁለት መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ሯጮቹ በመጨረሻው ዙር በነበሩበት ፍጥነት ይህ በርቀት ሲመነዘር አንድ ስንዝር አይሞላም። በሪሁ ወርቁን ያጣበት ልዩነት ትንሽ ነበር፤ ብሩን ያስጠበቀበት ልዩነት ግን ከዚያም ያነሰ ነበር።

በዚያው ውድድር ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። ቀነኒሳ በቀለ በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 27 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ከ17 መቶኛ ነበር። ፓሪስ ላይ ስድስተኛ የወጣው ዮሚፍ ቀጀልቻ የገባው በ26 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ከ2 መቶኛ ነው። ይህም ማለት ስድስተኛው ሰው ለአሥራ ስድስት ዓመታት ከቆየው ክብረ ወሰን በአሥራ ሰባት ሰከንድ ፈጥኗል። «ኢትዮጵያ አሥር ሺውን አጣች» የሚለው አነጋገር ትክክል ቢሆንም፣ ውድድሩ ምን ያህል የፈጠነ እንደነበር፣ ለዚህም ፍጥነት ኢትዮጵያውያኑ እየተቀባበሉ ከፊት በመምራት የከፈሉትን ዋጋ አይናገርም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ ሐምሌ 28፣ በ100 ሜትር የወንዶች ፍጻሜ ሰሌዳው ለአሜሪካዊው ኖህ ላይልስና ለጃማይካዊው ኪሻን ቶምፕሰን አንድ ዓይነት ሰዓት አሳየ፤ 9 ሰከንድ ከ79 መቶኛ። ሆኖም አንዱ ወርቅ፣ ሌላው ብር ወሰደ። ምክንያቱም በትራክ ሩጫ ለሕዝብ የሚነገረው ሰዓት በመቶኛ ቢሆንም፣ ዳኞች ምስሉን የሚያነቡት በሺህኛ ነው፤ ከዚያም ወደ ላይ አጠጋግተው በመቶኛ ይመዘግቡታል። የላይልስ ትክክለኛ ሰዓት 9.784፣ የቶምፕሰን ደግሞ 9.789 ነበር፤ ሁለቱም ወደ ላይ ሲጠጋጉ 9.79 ይሆናሉ። ደረጃው ግን በሺህኛው ተለየ። በመጨረሻው መስመር ላይ የተተከለው ካሜራ በሰከንድ እስከ 40,000 ምስል የሚያነሳ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማየት ይቻላል። ሕጉ የሚመለከተው የሯጩን ደረት፣ ማለትም ግንደ አካሉን ነው፤ ራስ፣ እጅና እግር አይቆጠሩም። የቶምፕሰን እግር መስመሩን ቀድሞ ሲያልፍ በምስሉ ላይ እየታየ ላይልስ ያሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ደረቱ ቀድሞ ነበርና።

ውኃ ዋና ግን በሺህኛ አይለይም። በዚያው ኦሊምፒክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተካሄደው የ100 ሜትር የደረት ዋና የእንግሊዙ አዳም ፒቲና የአሜሪካው ኒክ ፊንክ በእኩል 59 ሰከንድ ከ5 መቶኛ ገብተው ሁለቱም ብር ተሸለሙ፤ ነሐስም አልተሰጠም። የዚህ ሕግ ታሪክ ወደ 1964ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ ይመልሰናል። በዚያ ዘመን ስዊድናዊው ጉናር ላርሶን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በሺህኛ ሰከንድ በሁለት ብቻ በልጦ ወርቁን ወሰደ። በኋላ እንደታሰበው ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋናተኛ የሚሄደው ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ሲሆን፣ የመዋኛ ገንዳ ግንብ ደግሞ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ከዚያ በሚበልጥ ልክ ሊለያይ ይችላል። መሣሪያው ሊለካ የሚችለውን ሁሉ መለካት ፍትሕ አይሆንም፤ ገንዳው ራሱ በዚያ ልክ አልተሠራምና። ይህ ሕግ በእኔ አስተያየት በስፖርት ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ ሐቀኛው ነው።

በጎዳና ላይ ሩጫ ደግሞ መቶኛም አይጻፍም፤ ሰዓቱ ወደ ሙሉ ሰከንድ ይጠጋጋል። ነሐሴ 4 ቀን ጠዋት በእኛ ሦስት ሰዓት የተጀመረውን የወንዶች ማራቶን ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ታምራት ወደ ቡድኑ የገባው ሲሳይ ለማ በጉዳት ከወጣ በኋላ፣ ከተጠባባቂነት ተነስቶ ነው። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ በወንዶች የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያመጣ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕቱም በቺካጎ 2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ሮጦ ስለነበር፣ ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የታምራትን «ቀርፋፋ» የሚል ሰው አይጠፋም። የቺካጎ ጎዳና ሜዳማ ነው፤ የፓሪሱ ደግሞ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ በድምሩ ከ430 ሜትር በላይ ሽቅብ ያለበት መንገድ ነው። በዚያ ላይ በኦሊምፒክ ፍጥነት የሚያስጠብቁ ተቀጣሪ ሯጮች የሉም። ታምራት ያሻሻለው የኦሊምፒክን ክብረ ወሰን ሲሆን፣ ይህም በራሱ ሚዛን የሚታይ ነው። ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ በሆነችው ጎንደር ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች የሚለማመድ ወጣት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ በስስ አየርና በአቀበት የተሮጠ አሥር ኪሎ ሜትር በባሕር ጠረፍ ሜዳ ላይ ከተሮጠው ጋር በሰዓት ብቻ አይነጻጸርም።

የሰዓት ዝርዝር የማይናገረውም አለ። ነሐሴ 1 ቀን በ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የለሜቻ ግርማ ስም አጠገብ የተጻፈው «ዲኤንኤፍ» የሚሉት ምልክት ነው፤ ትርጉሙም ውድድሩን አልጨረሰም ማለት ነው። በዚያችው ፓሪስ ከአንድ ዓመት በፊት የዓለምን ክብረ ወሰን በ7 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ11 መቶኛ የሰበረው ሯጭ በመጨረሻው ዙር መሰናክል ጠልፎት ወድቆ በቃሬዛ እንደወጣ ከሦስት ፊደላት ማንም ሊረዳ አይችልም። ውጤት አንባቢ እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ ከመፍረዱ በፊት ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በማጣሪያ ዝርዝር ላይም አስተውሎት ያስፈልጋል። በፓሪስ ከ200 እስከ 1,500 ሜትር ባሉት ሩጫዎች «ሪፔቻጅ» የተባለ አሠራር ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ፣ በመጀመሪያው ማጣሪያ ያላለፉ ሯጮች በሌላ ቀን እንደገና ሮጠው ወደ ግማሽ ፍጻሜ የመግባት ዕድል አግኝተዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አምስተኛ ወጣ የተባለ ሯጭ ወድቋል ማለት አልነበረም። ጽጌ ዱጉማ ሐምሌ 29 በሴቶች 800 ሜትር ብር ያገኘችው ማጣሪያውንና ግማሽ ፍጻሜውን አልፋ፣ በ1 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ከ15 መቶኛ በመግባት ሲሆን፣ ከፊቷ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ኪሊ ሆጅኪንሰን ብቻ ነበረች።

እኩል ሲሆኑ

በዚያች እሑድ፣ ሐምሌ 28፣ ከ100 ሜትሩ ሌላ ብዙ ነገር ተወስኗል። በቀስት ፍጻሜ የደቡብ ኮሪያው ኪም ዉጂንና የአሜሪካው ብሬዲ ኤሊሰን አምስት ለአምስት ተለያዩ። ሕጉ በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዳቸው አንድ ቀስት ብቻ እንዲወረውሩ ያዛል። ሁለቱም ከ70 ሜትር ርቀት ሆነው መሐሉን መትተው አሥር አገኙ፤ እንደገና እኩል ሆኑ። ከዚያ የሚቀረው ቀስቱ ከመሐሉ ነጥብ ምን ያህል እንደራቀ መለካት ነው፤ የኪም 55.8 ሚሊ ሜትር፣ የኤሊሰን 60.7 ሚሊ ሜትር ሆነ። ወርቁ በ4.9 ሚሊ ሜትር ወደ ኮሪያ ሄደ። ውጤቱ ግን በሰሌዳ ላይ «6 ለ 5» ተብሎ ብቻ ስለሚጻፍ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አንዱ በግልጽ በልጦ ያሸነፈ ይመስለዋል።

ከፍታ ዝላይ ላይ እኩልነት የሚፈታው በሌላ መንገድ ነው። በመጀመሪያ በመጨረሻው ከፍታ ላይ ያነሰ ስሕተት ያለበት ይቀድማል፤ ከዚያም በጠቅላላው ውድድር ያነሰ ስሕተት ያለበት። ነሐሴ 4 ቀን የኒውዚላንዱ ሐሚሽ ከርና የአሜሪካው ሼልቢ ማክዌን ሁለቱም 2.36 ሜትር ዘለው በስሕተት ቁጥርም እኩል ሆኑ። በ2013ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የኳታሩ ሙታዝ ባርሺምና የጣሊያኑ ጂያንማርኮ ታምበሪ በ2.37 ሜትር እኩል ሆነው ወርቁን ለመካፈል ተስማምተው እንደነበር ብዙዎች ያስታውሳሉ። ከርና ማክዌን ግን ለመለየት መረጡ። በመለያው ዘንጉ እየወረደ ሄዶ ከር 2.34 ሜትር ሲያልፍ ማክዌን አልቻለም። በዚህ ምክንያት ወርቁን የወሰነው ዝላይ ቀደም ሲል ሁለቱም ካለፉት ከፍታ ያነሰ ነበር፤ ስሕተት የሚመስል፣ ሆኖም በሕጉ መሠረት ትክክል የሆነ ውጤት ነው።

ቴኒስ ደግሞ ነጥብን ሁሉ ደምሮ አሸናፊ አይለይም። በዚያው እሑድ ሰርቢያዊው ኖቫክ ጆኮቪች ስፔናዊውን ካርሎስ አልካራዝን 7 ለ 6፣ 7 ለ 6 አሸነፈ፤ በቅንፍ የሚጻፉት 3 እና 2 በመለያው ጌም ተሸናፊው ያገኛቸው ነጥቦች ናቸው። በቴኒስ ነጥቦች ተሰብስበው ጌም ይሆናሉ፤ ጌሞች ተሰብስበው ዙር ይሆናሉ፤ የሚያሸንፈው ዙሮችን የወሰደ ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ነጥብ ያነሰ ተጫዋች ወሳኞቹን ነጥቦች አግኝቶ ሊያሸንፍ ይችላል። በዚያ ፍጻሜ አንዳቸውም የሌላውን ሰርቪስ ሰብረው፣ ማለትም ሌላው ኳሱን በሚያስጀምርበት ተራ፣ ጌም አልወሰዱም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያለፈው ፍልሚያ የተፈታው በሁለቱ የመለያ ጌሞች ነው። ጎልፍም የራሱ ተቃራኒ ሚዛን አለው፤ ያነሰ የመታ ያሸንፋል። በዚያው ቀን አሜሪካዊው ስኮቲ ሼፍለር ከተመደበው የምት ቁጥር 19 ቀንሶ ወርቅ ሲወስድ፣ 18 የቀነሰው እንግሊዛዊ ቶሚ ፍሊትውድ ብር አገኘ።

የለመድነው እግር ኳስም ቢሆን ሁልጊዜ በቀላሉ አይነበብም። ነሐሴ 3 ቀን ስፔን ፈረንሳይን 5 ለ 3 አሸንፋ የወንዶችን ወርቅ ወሰደች ሲባል የሁለት ጎል የበላይነት ይመስላል፤ መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ግን ጨዋታው 3 ለ 3 ነበር፤ ሁለቱ ጎሎች የገቡት በተጨማሪው ሰዓት ነው። በማግሥቱ ማንቸስተር ሲቲና ማንቸስተር ዩናይትድ በኮሚዩኒቲ ሺልድ ያደረጉት ጨዋታ በመዝገብ ላይ 1 ለ 1 ነው፤ ሲቲ ዋንጫውን የወሰደው በመለያ ምት 7 ለ 6 ሲሆን፣ የመለያ ምት ጎሎች ከጨዋታው ውጤት ጋር አይደመሩም።

ነሐሴ 5 ቀን፣ የኦሊምፒኩ መዝጊያ ዕለት፣ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ አሜሪካ ፈረንሳይን 67 ለ 66 አሸነፈች። የመጨረሻውን ኳስ የፈረንሳይዋ ጋቢ ዊሊያምስ ስትወረውር የጨዋታው ሰዓት እያለቀ ነበር፤ ኳሱም ገባ፤ ኳሱ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ የተወረወረ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው እኩል ሆኖ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ይሄድ ነበር። እግሯ ግን መስመሩን ረግጦ ነበርና ሁለት ነጥብ ብቻ ተቆጠረ።

በድምር የሚገኝ ውጤት

አንዳንድ ውድድር ከአንድ ቀን በላይ ተደምሮ የሚታወቅ ነው። ከነሐሴ 6 እስከ 12 በተካሄደው የሴቶች የፈረንሳይ ዙር ፖላንዳዊቷ ካሺያ ኒየቪያዶማ ኔዘርላንዳዊቷን ዴሚ ቮለሪንግን በአራት ሰከንድ በልጣ አሸነፈች። ስሌቱን መከተል ያስደስታል። የመጨረሻው ቀን ሲጀመር ቮለሪንግ በጠቅላላ ድምር በ1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ወደኋላ ቀርታ ነበር። በአልፕ ዱዌዝ ተራራ ጫፍ ያለውን የመጨረሻ ጉዞ አሸነፈች፤ ኒየቪያዶማ ከእርሷ 1 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ዘግይታ ገባች። አንደኛ ለገባች የሚሰጠው ቅናሽ 10 ሰከንድ ነው። አንድ ደቂቃ ከአንድ ሰከንድና አሥር ሰከንድ ሲደመሩ 1 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ይሆናሉ፤ የጎደለው አራት ሰከንድ ብቻ ነው። የዕለቱ አሸናፊ በዕለቱ ውድድር ብትቀድምም የውድድሩን ቢጫ ማሊያ አላገኘችም። በብስክሌት የዕለት ድልና የጠቅላላ ድል የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በዚያው ክረምት በወንዶቹ ውድድር ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ሦስት የዕለት ድሎች ያገኘበትና አረንጓዴውን ማሊያ የለበሰበት ሚዛን ደግሞ ሰዓት ሳይሆን በየዕለቱ መድረሻ የሚሰበሰብ ነጥብ ነው።

ክብደት ማንሳትም ድምር ነው፤ ጆርጂያዊው ላሻ ታላካድዜ በሁለቱ የአነሳስ ዓይነቶች 215 እና 255 ኪሎ አንስቶ በ470 ኪሎ ወርቅ ወሰደ። በክሪኬት «በ10 ዊኬት አሸነፈች» ሲባል የጎል ልዩነት ማለት አይደለም፤ ነሐሴ 19 ባንግላዴሽ ፓኪስታንን ራዋልፒንዲ ላይ በዚህ ልክ ስታሸንፍ፣ የሚያስፈልጋትን ነጥብ (በክሪኬት «ሩጫ» ይባላል) ያገኘችው ከመቺዎቿ አንድም ሳይወጣባት ነው ማለት ነው።

በዚያው ነሐሴ 19 በፖላንድ በተካሄደው ዳይመንድ ሊግ ኖርዌጂያዊው ያኮብ ኢንግብሪትሰን የ3,000 ሜትርን ክብረ ወሰን በ7 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ55 መቶኛ ሰበረ፤ ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን ያስመዘገበው ሰዓት ለ28 ዓመታት ሳይደፈር ቆይቶ ነበር። ዜናው ሁሉ ስለ ኢንግብሪትሰን ሲሆን፣ ሁለተኛ የገባው በሪሁ አረጋዊ በ7 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ከ28 መቶኛ የሮጠ መሆኑ በጥቂት ቃላት ታለፈ። ከእርሱ በፍጥነት ይህን ርቀት የሮጡ በታሪክ ውስጥ ኮመንና ኢንግብሪትሰን ብቻ ነበሩ። በዚያው መድረክ ስዊድናዊው አርማንድ ዱፕላንቲስ በምርኩዝ ዝላይ 6.26 ሜትር ዘለለ፤ ሐምሌ 29 ፓሪስ ላይ ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ የዘለለውን 6.25 ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር ማሻሻሉ ነው።

የሜዳሊያ ሰንጠረዥም የድምር ዓይነት ነው፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም እርሱ ነው። በተለመደው አደራደር መጀመሪያ የወርቅ ቁጥር ይታያል፤ እኩል ሲሆን ብር፤ ከዚያም ነሐስ። አሜሪካና ቻይና በፓሪስ እያንዳንዳቸው 40 ወርቅ አግኝተው፣ አሜሪካ 44 ብር ስላላት ቻይና በ27 ብር ሁለተኛ ሆነች። ኢትዮጵያ 1 ወርቅና 3 ብር፣ በድምሩ አራት ሜዳሊያ አግኝታ፣ 3 ብርና 5 ነሐስ ካላት ከቱርክ በላይ ተቀመጠች፤ የቱርክ ሜዳሊያዎች በቁጥር እጥፍ ቢሆኑም። ኬንያ በ4 ወርቅ፣ 2 ብርና 5 ነሐስ ከሁለቱም በላይ ናት። ማን ቀደመ የሚለው በአንድ ወርቅ ይህን ያህል የሚገለበጥ ከሆነ፣ አገሮችን በደረጃ ቁጥራቸው ብቻ ማወዳደር እጅግ ደካማ መለኪያ ነው። የብር ሜዳሊያዎቻችን ባለቤቶች በሪሁ፣ ጽጌና በሴቶች ማራቶን ሁለተኛ የወጣችው ትዕግስት አሰፋ ሲሆኑ፣ በሪሁና ትዕግስት ወርቁን ያጡበት ልዩነት ቢደመር አራት ሰከንድ አይሞላም።

በነሐሴ መጨረሻ በፓራሊምፒክ የተገኙት ሜዳሊያዎች ከዚህ ሰንጠረዥ ውጭ ናቸው። በ1,500 ሜትር ያየሽ ጌቴ «ቲ 11» በሚባለው፣ ትዕግስት መዝገቡ «ቲ 13» በሚባለው ምድብ ወርቅ አገኙ፤ ይታያል ስለሺም በወንዶች «ቲ 11» ብር ወሰደ። እነዚህ ቁጥሮች ደረጃ አይደሉም። ፊደሉ የሩጫ መሆኑን፣ ከ11 እስከ 13 ያሉት ቁጥሮች የማየት ችግር መኖሩን ያመለክታሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዕይታው ያነሰ ነው። በ«ቲ 11» ሯጩ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ከመሪ ሯጭ ጋር በአጭር ማሰሪያ ተያይዞ ይሮጣል፤ እርምጃቸውም ለሙሉ 1,500 ሜትር አንድ መሆን አለበት። በተለያዩ ምድቦች የተገኙ ሰዓቶችን እርስ በርስ ማወዳደር ስለዚህ ትክክል አይሆንም።

ውጤቱ መቼ ይጸናል?

ሰሌዳው ላይ የታየው ሁሉ የመጨረሻ አይደለም። ሐምሌ 29 ምሽት በሴቶች 5,000 ሜትር ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕየጎን ሁለተኛ ገባች፤ ከጉዳፍ ፀጋይ ጋር በተገፋፉበት ምክንያት ተሰረዘች፤ ሲፋን ሀሰን ወደ ብር፣ ጣሊያናዊቷ ናዲያ ባቶክሌቲ ወደ ነሐስ ከፍ አሉ፤ ኬንያ ይግባኝ ስትል ኪፕየጎን ብሩ ተመለሰላት፤ ባቶክሌቲም ወደ አራተኛነት ወረደች። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ምሽት ነው። በነሐሴ 5ቱ የሴቶች ማራቶንም ሲፋን ትዕግስትን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ስትገባ፣ በመጨረሻው መታጠፊያ በተፈጠረው መገፋፋት ኢትዮጵያ አቤቱታ አቅርባ ነበር፤ የይግባኝ ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ ውጤቱም ጸና። የትዕግስት ደጋፊ ሆኖ ለተመለከተው የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በሕጉ መሠረት ከዚያ ወዲያ ውጤቱ የሲፋን ነው።

በጅምናስቲክ የተፈጠረው ከዚህም የተወሳሰበ ነው። የዚህ ስፖርት ውጤት የሁለት ነጥቦች ድምር ሲሆን፣ አንዱ የተሠራው እንቅስቃሴ ለምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ፣ ሌላው ምን ያህል በጥራት እንደተሠራ የሚለካ ነው። ሐምሌ 29 በሴቶች የወለል ፍጻሜ አሜሪካዊቷ ጆርዳን ቻይልስ 13.666 ተሰጣት። አሠልጣኟ የአስቸጋሪነቱ ነጥብ ተጓድሏል ብላ ስትጠይቅ 0.1 ተጨምሮላት 13.766 ሆነና ሩማንያዊቷን አና ባርቦሱን በልጣ ነሐስ ተሸለመች። ባርቦሱና የአገሯ ልጅ ሳብሪና ቮይኒያ ሁለቱም 13.700 ነበሩ፤ ባርቦሱ የቀደመችው በጥራት ነጥብ ነው። ሩማንያ ግን ጥያቄው የቀረበው ከተፈቀደው አንድ ደቂቃ አራት ሰከንድ አልፎ ነው ብላ ወደ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ሄደች፤ ፍርድ ቤቱም ነሐሴ 4 ቀን በዚህ ተስማምቶ የመጀመሪያው ነጥብ እንዲመለስ ወሰነ፤ ነሐሱም ለባርቦሱ ተሰጠ። በዚህ ሙግት ነጥቡ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው አልተመረመረም፤ የተመረመረው ጥያቄው በጊዜው ቀርቧል ወይ የሚለው ብቻ ነው። ሁለቱም ወጣቶች ለጥፋቱ ምክንያት ሳይሆኑ በአንድ ሜዳሊያ ተጎትተዋል።

ከሁሉ ረጅሙን መንገድ የተጓዘው ውጤት ግን የፓሪስ አይደለም። ነሐሴ 28 ቀን ይኸው ፍርድ ቤት ሩሲያዊቷ ታትያና ቶማሾቫ በአበረታች መድኃኒት ጥፋት እንድትቀጣ፣ የ2004ቱን የለንደን ኦሊምፒክ ጨምሮ በዚያ ጊዜ ያስመዘገበችው ውጤትም እንዲሰረዝ ወሰነ። ያ የሴቶች 1,500 ሜትር ሲጠናቀቅ ሁለት ቱርካውያን አንደኛና ሁለተኛ፣ ለባሕሬን የሮጠችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሦስተኛ፣ ቶማሾቫ አራተኛ፣ ለኢትዮጵያ የሮጠችው አበባ አረጋዊ አምስተኛ፣ አሜሪካዊቷ ሻነን ሮውበሪ ስድስተኛ ነበሩ። ሁለቱ ቱርካውያን ቀደም ብለው ተሰርዘዋል፤ ቶማሾቫ ስትሰረዝ አበባ ወደ ሁለተኛነት፣ ሮውበሪ ወደ ሦስተኛነት የሚወጡበት መንገድ ተከፈተ፤ ውድድሩ ከተሮጠ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ። የፀረ አበረታች መድኃኒት ሕጉ ክስ ለመጀመር የአሥር ዓመት ጊዜ ይሰጣል፤ ክሱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ፍርዱ ከዚያ አልፎ ሊመጣ ይችላል። ከፓሪስ የተወሰዱት የአትሌቶች ናሙናዎችም በዚሁ ሕግ መሠረት ተቀምጠው የሚቆዩ በመሆናቸው፣ አዲስ የመመርመሪያ ዘዴ በተገኘ ቁጥር እስከ 2026 ዓ.ም. ድረስ እንደገና ሊፈተሹ ይችላሉ።